የሙያ አሳዳጊ፦ የእግር ሕክምና ከየት ይጀምራል?

ፖዳያትሪ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ጫፍ ያለውን የሰውነት ክፍል የሚያክም ሙያ ነው። ባለሙያው ፖዳያትሪስት ይባላል። ቆዳውን፣ ጥፍሩን፣ አጥንቱን፣ ነርቩንና የደም ሥሩን ይመረምራል፤ የሰውየው አረማመድና ያደረገው ጫማ ሳይቀር የእርሱ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ይህን ሙያ የሚማር ሰው አራት ዓመት በፖዳያትሪ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሦስት ዓመት በሆስፒታል በነባር ሐኪሞች ሥር ይቆያል፤ ቀዶ ሕክምናም ይሠራል። በእንግሊዝ በዲግሪ የሚሰጥ ሙያ ሆኖ ከፊዚዮቴራፒ ጎን ተሰልፏል። ከአፍሪካ የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። በአገራችን ሙያው በዚህ ስም ገና ሥር ስላልያዘ የአማርኛ ስሙም አልረጋም። እዚህ ጽሑፍ ላይ «የእግር ሕክምና» እለዋለሁ። እግር በአማርኛ ከታፋ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ስለሚጠቀልል «የእግር መዳፍ ሕክምና» ቢባል ይበልጥ ግልጽ ይሆናል የሚል ይኖራል። ታካሚው ግን ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ የሚለው «እግሬን አሞኛል» ነውና ስሙ ለእርሱ ቢያደላ ይሻላል።

ከዚህ ስም ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ቃል አለ፤ ሜንተርሺፕ። ለጤና ተቋሞቻችን እንግዳ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ ጤና ጣቢያዎች በወረደበት ዘመን «ክሊኒካል ሜንተር» የተባሉ ባለሙያዎች ወደ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ከነርሱና ከጤና መኮንኑ ጋር ታካሚ ያዩ ነበር። ቃሉ ሳይተረጎም ቀረ። እኔ ሰውየውን «የሙያ አሳዳጊ»፣ ሥራውን «የሙያ አሳዳጊነት» ብየዋለሁ። ሱፐርቫይዘር ቼክሊስት ይዞ ይመጣል፣ ጉድለት መዝግቦ ይሄዳል። አሠልጣኝ ከጣና ዳር ሆቴሎች በአንዱ አዳራሽ ሦስት ቀን አስተምሮ፣ ሰርተፊኬት አድሎ ይሰናበታል (ከትምህርቱ ይልቅ አበሉ የሚታወስበት ጊዜ መኖሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም)። አሳዳጊ ግን ተማሪው ቁስል ሲጠርግ አጠገቡ ይቆማል፣ ሲስት እዚያው ያርመዋል፣ ብቻውን መወሰን ሲጀምር ኃላፊነቱን አብሮት ይሸከማል፣ ሲበቃ ደግሞ ቦታ ይለቅለታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የእግር ሕክምና ሙያ ሆኖ ሊቆም የሚችለው በየክፍሉ ተበታትኖ ያለውን ዕውቀት የሚሰበስብ መሪና ተተኪ የሚያወጣ አሳዳጊ ሲያገኝ ነው፤ ሕንጻውና ሥርዓተ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

የተበታተነ ዕውቀት አለ ማለት ባዶ ምስጋና አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ እግርን ነጥሎ የማከም ሥራ በሰፊው የተካሄደው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በ1965 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአለርት ማዕከል ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይገድላል፤ ሕመም የማይሰማው እግር እሾህ ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው፣ ምድጃ ቢያቃጥለው ባለቤቱ አያውቅም። የሥጋ ደዌ ታማሚ ጣቱን የሚያጣው ስሜት ያጣ እግሩ በየቀኑ ስለሚጎዳ መሆኑን በሕንድ ቬሎር ይሠሩ የነበሩት ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ አሳዩ። በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ወዳለችው ካርቪል ሲዛወሩ ይህንኑ ዕውቀት ይዘው ሄዱ፤ የቆሰለውን እግር በልኩ በተሠራ ጀሶ አስሮ ጫናውን የማከፋፈል ዘዴ ከሥጋ ደዌ ወደ ስኳር ሕሙማን የተሻገረው በዚያ መንገድ ነው።

ዛሬ በየስኳር ክትትል ክፍሉ ሊኖር የሚገባው ባለ 10 ግራም ናይለን ክርም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። መያዣ ላይ የተተከለ አንዲት ወፍራም ፀጉር ይመስላል። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል። መርማሪው የክሩን ጫፍ በውስጥ እግሩ ላይ፣ በአውራ ጣቱና ከጣቶቹ ሥር እያቀያየረ ክሩ እስኪታጠፍ ይጫናል፤ ሲታጠፍ ግፊቱ 10 ግራም ደርሷል ማለት ነው። ታካሚው «ተሰማኝ» ካለ እግሩን የሚጠብቅለት ስሜት አለው። ዝም ካለ ጫማው ውስጥ ሚስማር ቢበቅልም ማታ ካልሲው ላይ ደም እስኪያይ ላያውቅ ይችላል። በደነደነ ቆዳ ላይ መሞከር እንደማይገባ መመሪያው ይጽፋል። ነገር ግን ዕድሜውን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ እግር በአብዛኛው ድንዳኔ ነው፤ የቱ ጋ መጫን፣ የቱን መዝለል፣ የቱን ድንዳኔ በምላጭ ገፎ ሥሩን ማየት እንደሚያስፈልግ በገጽ አይማሩትም። ብዙ እግር የዳሰሰ እጅ ለሌላ እጅ የሚያሳየው ነገር ነው።

ሁለተኛው የዕውቀት ምንጭ ጎጃም ራሱ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋ የሚታየው የእግር እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑን፣ መነሻውም ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ መሆኑን አስረዱ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጡለትም እርሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ሁለቱንም ዝሆኔ ይላቸዋል። ፕራይስ ያወቁትን በመጽሐፍ ቢያሳትሙም ጉዳዩ ለዓመታት ተቀዛቅዞ ቆየ። እንደገና የነቃው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጌይል ዴቪ ከ2000 ወዲህ ሲያነሡት ነው። ዴቪ ምርምሩን ለብቻቸው አልያዙትም፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን አሳደጉበት። ፋሲል ተኮላ አየለ በሽታው ለምን አንዱን ቤተሰብ መርጦ እንደሚይዝ የሚያስረዳውን የዘረመል ጥናት በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አወጡ። ከበደ ደሪቤ የአገሪቱን ካርታ ሠርተው በሽታው በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ አሳዩ፤ ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለበሽታው በሚመች አካባቢ እንደሚኖርም አሰሉ። የሁለቱን ዘመን ልዩነት በገንዘብ ወይም በቴክኖሎጂ ብቻ ማስረዳት ይቻላል የሚል ካለ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በመጽሐፍ የቀረው ዕውቀት እንደተኛ፣ በሰው የተተከለው እንደተባዛ ይናገራል።

የዚያ ተከላ ፍሬ ጎጃም ድረስ ደርሷል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በተደረገና በ2012 በታተመ ጥናት ከ51,000 ገደማ ሰዎች 3.3 በመቶው በሽታው ተገኝቶባቸዋል። ቀጥሎ በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎችን ይዞ ለአንድ ዓመት የዘለቀ ሙከራ ቀላል የሚመስል እንክብካቤ ምን እንደሚያደርግ ፈተነ። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መሐል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፤ በዝሆኔ ሕክምና የሚታወቀው እንክብካቤ ይኸው ነው። ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ትኩሳትና ሕመም እንክብካቤውን ቶሎ በጀመሩት ዘንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። ውጤቱ ተአምር አይደለም፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይመላለስባቸው የነበሩ ሰዎች አሁንም ይታመሙ ነበር። ዳሩ ግን በሳሙናና በፋሻ የተገኘ ውጤት መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛውና አራተኛው ምንጭ በአጭሩ ይታለፉ። ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን በየሳምንቱ ጀሶ እየቀየሩ የሚያቃናው የፖንሴቲ ዘዴ በአገራችን በሐኪምም በፊዚዮቴራፒስትም እጅ ይሠራበታል። ባሕር ዳር ያለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ ይሠራል፤ ስለ ጫማና ስለ ጫና አከፋፈል በከተማው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚያ ቴክኒሺያኖች ሳይሆኑ አይቀሩም። አምስተኛው፣ በፍጥነት እየገፋ የመጣው፣ ስኳር ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የስኳር ክትትል የሚያደርጉ አዋቂዎችን ያየ በ2017 የታተመ ጥናት 13.6 በመቶዎቹ የእግር ቁስል እንዳለባቸው አግኝቷል፤ የገጠር ነዋሪነትና የእግር እንክብካቤ ጉድለት ከቁስሉ ጋር ተያይዘው ታይተዋል። በዓለም አቀፍ ጥናቶች እንደሚታወቀው ደግሞ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ከ100 ሰዎች 40ዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው ይቆስላሉ። ስለዚህ ሥራው አንዴ አክሞ በመሸኘት አያልቅም፤ ያንኑ እግር ለዓመታት የሚከታተል ሰው ይፈልጋል።

አሁን ይህ ሁሉ ባለበት ከተማ የአንዲት ታካሚ መንገድ ምን እንደሚመስል እናስብ። ስኳር ያለባት የቆራጣ ገበሬ እግሯ ቆስሎ ብትመጣ የስኳሩን ልክ የሚያይላት አንድ ክፍል ነው፣ ቁስሉን የሚያጥብላት ሌላ፣ አጥንቱ ተበላሽቷል ወይ የሚለውን የሚወስን ቀዶ ሐኪም ሦስተኛ፣ ልክ የሆነ ጫማ ሊሠራላት የሚችለው ደግሞ ከሆስፒታሉ ውጭ ነው። ፈለገ ሕይወትም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን በየዘርፉ ሐኪም ያላቸው ሆስፒታሎች ናቸው። የጎደለው «ይህ እግር የእኔ ነው» የሚል ባለቤት ነው። መሪነት የምለው እዚህ ጋ ነው የሚገባው፤ አራቱን በሮች ወደ አንድ ክፍል የሚያመጣ፣ የሳምንቱን ቀን የሚወስን፣ መዝገቡን የሚያስይዝ፣ ነርሷ በየሦስት ወሩ ወደ ሌላ ዋርድ እንዳትዛወር ከሜትረኗ ጋር የሚከራከር ሰው።

የአሜሪካው ታሪክም ይህን ይደግፋል። የኒው ዮርክ የእግር ሕክምና ትምህርት ቤት በ1911 ሲከፈት ሙያው ድንዳኔ የሚቆርጡና ጥፍር የሚያስተካክሉ ሰዎች ሥራ ተደርጎ ይናቅ ነበር። ትምህርት ቤቱን ለረጅም ዘመን የመሩት ሞሪስ ሉዊ ከዚያ ሙያ የወጡ አልነበሩም፤ በክፍለ ግዛቱ የሐኪሞች ፈተና ቦርድ ያገለገሉ ሐኪም ነበሩ። ፖዳያትሪ የሚለውን ስም በማውጣትም የሚጠቀሱት እርሳቸው ናቸው። የእግር ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች አስቀድመው ነበሩ፤ ሉዊ ያመጡት ፈተና፣ ደረጃና የመግቢያ መስፈርት ነው። መሪና አሳዳጊ የግድ አንድ ሰው መሆን እንደሌለባቸው ከዚህ እንማራለን። ባሕር ዳር ላይ መሪው የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አሳዳጊዋ ደግሞ ሃያ ዓመት ቁስል ያጠበች ነርስ ብትሆን ምንም አይፋለስም።

ነርስ ሐኪምን ታሳድጋለች ሲባል ፊቱን የሚያኮሳትር ካለ የማሚቱ ጋሼን ታሪክ ያስታውስ። ወይዘሮ ማሚቱ ፊስቱላ ይዟቸው በልጅነታቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አከሟቸው፣ በአስታማሚነት አስጀመሯቸው፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አጠገባቸው እያቆሙ አስተማሯቸው። በመጨረሻ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ሳይቀሩ የፊስቱላ ጥገናን ከእርሳቸው ተማሩ፤ የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ በ1989 ከሃምሊኖቹ ጋር ሜዳልያ ሸለማቸው። የሃምሊኖቹ የፊስቱላ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያውን ማዕከል በ2005 የከፈተው ባሕር ዳር ላይ ነው። አንድ ጠባብ ሙያ፣ ድሆችን የሚመለከት፣ ብዙዎች ሊነኩት የማይፈልጉት በሽታ፣ ከአሳዳጊ ወደ ተማሪ እየተላለፈ እንዴት ተቋም እንደሚሆን ለማየት የባሕር ዳር ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለ ቅደም ተከተል ነው። እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ ቀዶ ሐኪም በማይዳረስበት አገር ለእግር የተለየ ሙያ መፍጠር ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰባት ዓመት የሚፈጅ የአሜሪካ ዓይነት ሥልጠና ነገ ይጀመር ቢባል እኔም እቃወማለሁ። የሚያስፈልገው ያለው ነርስ፣ ጤና መኮንንና ፊዚዮቴራፒስት የእግር ሥራን በደረጃ የሚማርበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ እዚሁ ክልል ተሄዶበታል። ጎንደር በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም እስኪበዛ ሳይጠብቅ ጤና መኮንኖችን አፈራ። በታንዛኒያም ለስኳር ሕሙማን እግር የተዘረጋው ፕሮግራም ሐኪምና ነርስን ጥንድ አድርጎ አሠለጠነ፤ ጥንዶቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰው ከዓመት በኋላ የገጠማቸውን ይዘው ለሁለተኛ ዙር ይመጡ ነበር። ቅንጦት የሚሆነውስ በጊዜ ያልታየ ጣት እግር እስከሚያስቆርጥ ድረስ አልጋ ይዞ መክረሙ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። አሳዳጊነት በግለሰብ በጎነት ላይ ከተመሠረተ ሎሌነት ይወልዳል፤ ተማሪው የአለቃው ተላላኪ፣ ጽሑፉ የአለቃው ጽሑፍ ይሆናል። ጎጃም ይህን ከቅኔ ቤት ያውቀዋል። የኔታ ሁሉን አንድ በአንድ አይሰሙም፤ የገፋው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪውን ይይዛል፣ በዚያውም ራሱ መምህር ይሆናል። ያንኑ ያህል ደግሞ ተማሪው ለመምህሩ እንጨት ሲለቅም ውሃ ሲቀዳ ይኖራል፤ መምህሩ ካልወደዱት ያለው አማራጭ ኮሮጆውን አንጠልጥሎ ሌላ ደብር መፈለግ ብቻ ነው። ከዚህ የሚወሰደው በደረጃ የማስተማሩ ብልሃት ነው፤ ሎሌነቱ ይቅር። መድኃኒቱም የሚታወቅ ነው። አንድ ተማሪ ከአንድ በላይ አሳዳጊ ይኑረው፣ ያየው እግርና የሠራው ሥራ በመዝገብ ይያዝ፣ አሳዳጊውን ያለ ቅጣት መቀየር ይችል፣ አሳዳጊውም የሚመዘነው ስንት ተማሪ ለብቻው እንዲሠራ አብቅቷል በሚለው ይሁን። ለአሳዳጊነት ሰዓት ካልተመደበለትና በደረጃ ዕድገት ካልተቆጠረለት ግን የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል። በ2009 ገደማ የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች ሥልጠና ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ምሩቃኑ ግን ብዙም ሳይቆዩ «ቀጥሎስ ወዴት ነው የምናድገው?» ማለት ጀመሩ። የእግር ባለሙያም ያንን ጥያቄ እንደሚያነሣ ከአሁኑ ይታወቅ።

ጎበዞቹን ወደ ውጭ ልከን እናስተምራቸው የሚለው ሐሳብ ማራኪ ነው፤ የሄደው ላለመመለሱ ምክንያት ብዙ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቢመለስም የሚመለሰው ከሌላ እግር ጋር ተለማምዶ ነው። የውጭው መመሪያ ስሜት ላጣ እግር «ለአንድ እርምጃም ቢሆን በባዶ እግርህ አትሂድ» ይላል። የፎገራ ገበሬ ሩዙን የሚያርመው በውሃ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሳለም ሰው ጫማውን ደጅ ያወልቃል። መመሪያውን ብቻ የሚያነብብ ባለሙያ «አትሂዱ» ብሎ ታካሚውን ያጣዋል። አገሩን የሚያውቅ አሳዳጊ ግን በወፍራም ካልሲ እንዲገባ፣ ሲወጣ ውስጥ እግሩን በመስተዋት ወይም በልጁ ዓይን እንዲያስፈትሽ፣ ከማሳ ሲመለስ ታጥቦ በጣቶቹ መሐል እንዲያደርቅ ይመክረዋል። ውጭ መማር ይጠቅማል፤ ከዚህኛው ትምህርት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

የአጥንትና የቆዳ ሐኪሞች «ድርሻችን ተነካ» ማለታቸው አይቀርም፤ አሜሪካም ውስጥ ይህ ክርክር ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። እዚህ ግን ከመነሻው እነርሱን አሳዳጊ አድርጎ መጋበዝ ይቻላል። የሁለቱ ሆስፒታሎች ኃላፊዎችና የዩኒቨርሲቲው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለጅምሩ የሚጠየቁት ትንሽ ነው፦ አንድ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ የማይዛወሩ ሁለት ነርሶች፣ ከተሐድሶ ማዕከሉ አንድ ቴክኒሺያን፣ አንድ መዝገብና ጥቂት የናይለን ክር። እናንተ የስኳር ሕመም ያለባችሁ አንባቢዎች ግን ይህ እስኪሆን አትጠብቁ። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪሙ ፊት ጫማችሁንና ካልሲያችሁን አውልቁ፤ እግራችሁ ሳይታይ ከክፍሉ አትውጡ።